የሜዳ ድል የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ፤ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በጎንደር ከተማ በማራኪ አካባቢ ነዋሪ ስሆን ከልጅነቴ ጀምሮ የእግር ኳስ ወዳጅ ነኝ። የእህቴ ልጅ በአሜሪካ፣ በዋዮሚንግ ግዛት፣ ላራሚ በምትባል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ቴክሳስ ቴክ የተባለውን የሌላ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሜዳው ባሸነፈ ጊዜ፣ ልጁ እሑድ ማለዳ ደውሎ ድምፁ እስኪዘጋ እየጮኸ፣ በመካከሉም እያለቀሰ ነገረኝ። ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሜዳ ውስጥ መግባቱንም አልደበቀኝም። ደስታውን ብጋራም አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ዋንጫ አልተገኘበትም፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾቹም ተማሪዎች ናቸው። ሰው ለዚህ ያለቅሳል? ደግሞም ላራሚ በከፍታዋ ጎንደርን ታህላለች ብሎ አጫውቶኛልና፣ ከፍታው በእርግጥ ባለሜዳውን ይጠቅማል? ከጠቀመስ የእኛ ፋሲል ከነማ ለዓመታት የሊግ ጨዋታውን ከገዛ ሜዳው ርቆ ማካሄዱ ምን አጎደለበት?

ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ ሰው ለዚህ ያለቅሳል፤ ማልቀሱም እንደ ልጅነት ሊቆጠርበት አይገባም። ምክንያቱን ለመረዳት ግን አስቀድሞ የጨዋታውን አካሄድ ማወቅ ይጠቅማል።

ነሐሴ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በላራሚ ዋር ሜሞሪያል ስታዲየም ቴክሳስ ቴክ 17 ለ 0 መምራት ችሎ ነበር። ከእኛ እግር ኳስ በተለየው በአሜሪካ ፉትቦል፣ ኳሱን በእጁ ይዞ የባላጋራውን የመጨረሻ መስመር የተሻገረ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል። ከዚያም ኳሱን በእግሩ መትቶ በጎሉ ቋሚዎች መካከል ካሳለፈ 1 ነጥብ፣ በሩጫ ወይም በቅብብል እንደ ገና መስመሩን ከተሻገረ ደግሞ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። መስመሩ ድረስ መዝለቅ ያልቻለ ቡድን ከርቀት መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ቢያሳልፍ 3 ነጥብ ይቆጠርለታል። በዚህ ስሌት 17 ነጥብ ማካካስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማስቆጠርን፣ በዚያውም ላይ ባላጋራን ማቆምን ይጠይቃል። ዋዮሚንግ ይህን ሁሉ አድርጎ መደበኛውን ሰዓት በእኩል ውጤት ጨረሰ፤ የመጀመሪያው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜም አሸናፊውን ሳይለይ አለፈ። በሁለተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ግን ደንቡ ይጠብቃል፤ መስመሩን የተሻገረ ቡድን ቀላሉን የ1 ነጥብ ምት መምረጥ አይፈቀድለትም፤ የግድ የ2 ነጥቡን መሞከር አለበት። ሁለቱም ቡድኖች ተሻገሩ፤ ሙከራው ለዋዮሚንግ ሰመረ፣ ለቴክሳስ ቴክ አልሰመረም። ጨዋታውም 35 ለ 33 ተጠናቀቀ። ያን ያህል ሰዓት ቆሞ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ተስፋው እንደ ገና ሲመለስለት ያየ ወጣት በስልክ ቢያለቅስ አይፈረድበትም።

ዋንጫ አልተገኘበትም ማለትዎ ልክ ነው። ሆኖም የዋዮሚንግን ሁኔታ ልብ ይበሉ። ግዛቲቱ በሕዝብ ብዛት ከ50ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የመጨረሻዋ ስትሆን ነዋሪዎቿ 600 ሺህ አይሞሉም። ያላት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ ነው፤ በታላላቆቹ የሀገሪቱ ፕሮፌሽናል ሊጎች የሚጫወት ክለብም የላትም። ስለዚህ ከብት አርቢውም፣ በማዕድን ማውጫ የሚሠራውም፣ ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈውም ሰው የእኔ የሚለው ያንኑ የተማሪዎች ቡድን ነው። የላራሚ ከተማ ነዋሪ 30 ሺህ ገደማ ነው፤ ስታዲየሙም ከዚህ ቁጥር ብዙ የማያንስ ተመልካች እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ቡድኑ መስመሩን በተሻገረ ቁጥር ካውቦይ ጆ የተባለ ድንክ ፈረስ በሜዳው ዳር ይጋልባል፤ በጥምቀት ሰሞን ጉግስ እያየ ላደገ ጎንደሬ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ወዳለው ቦታ፣ ቢግ 12 ከተባለው ከፍ ያለ ሊግ የመጣ የትልቅ ግዛት ቡድን ገብቶ ተሸንፎ ሲወጣ፣ ድሉ በሰንጠረዡ ላይ ከሚመዘገበው ነጥብ በላይ ዋጋ አለው።

የልጁን እንባ ይበልጥ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነገር ነው። በሜዳ በተገኘ ድል ውስጥ ደጋፊው የራሱ ድርሻ አለው። ይህን የምለው ደጋፊን ለማሞገስ ሳይሆን ድርሻው ሊታይና ሊለካ የሚችል ስለሆነ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል አጥቂው ቡድን ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በፊት ቆሞ ይሰለፋል፤ ኳርተርባክ የሚባለው ኳስ አከፋፋይ ለ10ሩ ጓደኞቹ በድምፅ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ኳሱ የሚነሣበትን ቅጽበትም በጥሪ ያሳውቃል። ስታዲየሙ ከጮኸ ጥሪው አይሰማም። ጥሪው ሳይደርሰው ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ተጫዋች ቡድኑን በቅጣት 5 ያርድ (4.5 ሜትር ገደማ) ወደ ኋላ ያስመልሳል፤ በ4 ሙከራ 10 ያርድ መግፋት ለሚጠበቅበት ቡድን 5 ያርድ የጉዞው ግማሽ ነው። በዚህ ምክንያት ጨዋታውን የሚያውቅ ደጋፊ ሁልጊዜ አይጮኽም። ባላጋራው ኳስ ሲይዝ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ የራሱ ቡድን ሲይዝ ደግሞ ልጆቹ እንዲደማመጡ ጸጥ ይላል። እኔ በዚህ ልማድ እጅግ እደነቃለሁ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያለ አዛዥ በአንድነት መጮኽና በአንድነት ዝም ማለት መቻሉ ራሱ ሥልጠና ነው። የጩኸቱ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት አንድ ምሽት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1988 የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሜዳው ኦበርንን 7 ለ 6 ሲያሸንፍ፣ ቡድኑ መስመሩን በተሻገረበት ቅጽበት የተነሣው ጩኸትና ዝላይ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ የምድር መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ላይ ታትሞ ተገኝቷል።

በእኛ እግር ኳስ ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ጥሪ ስለማይጠብቁ ጩኸቱ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ከመንገዶቹም አንዱ ዳኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት 40 ዳኞችን አንድ ዓይነት የጨዋታ ምስል አሳይቶ እያንዳንዱ ንክኪ ጥፋት መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ አደረገ፤ ጨዋታው ሊቨርፑል በሜዳው ከሌስተር ጋር ያደረገው ነበር። ግማሾቹ ምስሉን ከነደጋፊው ጩኸት ሲያዩ የቀሩት ያለ ድምፅ አዩ። ጩኸቱን የሰሙት ዳኞች በባለሜዳው ቡድን ላይ የነፉት ጥፋት ካልሰሙት ከ15 በመቶ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ዳኞች አድሏዊ ሰዎች አልነበሩም፤ አጠራጣሪ በሆነ ንክኪ ላይ የሕዝቡ ድምፅ ሳያውቁት ወደ አንድ ወገን አዘነበላቸው እንጂ። ከዓመታት በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ ይህንኑ ነገር በተግባር አሳየ። የጀርመኑ ቡንደስሊጋ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ያለ ተመልካች ሲቀጥል፣ ሜዳው፣ ሣሩና መልበሻ ክፍሉ እንደ ቀድሞው ሆነው ሳሉ፣ የባለሜዳዎች ድል በግልጽ ቀነሰ። ከሜዳው የጎደለው ደጋፊው ብቻ ነበር።

ስለ ከፍታ የጠየቁት በጣም ደስ የሚያሰኝ ጥያቄ ነው፤ የእህትዎ ልጅም አልተሳሳተም። ዋር ሜሞሪያል ስታዲየም በ7,220 ጫማ ማለትም በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ በአሜሪካ ከፍተኛው የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል እርከን ውስጥ ከእርሱ ከፍ ያለ ስታዲየም የለም። ጎንደርም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ የእኛ ልጆች ማራኪ ሜዳ ላይ ሲሮጡ የሚተነፍሱት አየር ከላራሚው ጋር ተቀራራቢ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከፍታው ላይ የሚኖር ሰው አካል ይህን የሚያካክሰው ቀይ የደም ሴሎችን በማብዛት ነው፤ ከቆላ የሚመጣ እንግዳ ግን ለዚህ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ለጨዋታ የሚመጣ ቡድን ደግሞ ሳምንታት አይሰጡትም። እንግዳው በመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ልማዱ ሊሮጥ ይችላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ሩጫ ሲደጋገምና በሩጫዎቹ መካከል ትንፋሽ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ሲረዝም ነው። ቴክሳስ ቴክ የሚገኝባት ላቦክ ከተማ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ስለሆነች ልዩነቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነበር። እንግዶቹ በመጀመሪያ መምራታቸውና ባለሜዳዎቹ እየቆዩ መድረሳቸው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፤ ሆኖም አንድ ጨዋታ ብቻውን ማረጋገጫ ሊሆን ስለማይችል ድሉን ሁሉ ለአየሩ መስጠት በተጫዋቾቹ ላይ ግፍ መፈጸም ይሆናል።

በዓለም መድረክም ይህ ክርክር የታወቀ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ የሀገሮች ጨዋታ እንዳይካሄድ ከልክሎ፣ የደቡብ አሜሪካ ተራራማ ሀገሮች አጥብቀው በመቃወማቸው በዓመቱ ክልከላውን አንሥቷል። ከዚያም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ቦሊቪያ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ላ ፓዝ ማራዶና የሚያሠለጥነውን የአርጀንቲና ቡድን 6 ለ 1 አሸነፈች።

ይህን ወደ እኛ ሊግ ስናመጣው መልሱ እንደ እንግዳው ይለያያል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ድሬዳዋ፣ ከእርሷ እምብዛም ከማትበልጠው አርባ ምንጭ፣ እንዲሁም ከአዳማና ከሐዋሳ የሚመጣ ቡድን ጎንደር ላይ በእርግጥ ይቸገራል። ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለኢትዮጵያ ቡና ግን የጎንደር አየር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከጎንደር ከፍ ያለች ናትና። በእነዚህ ላይ ፋሲል ከነማ በሜዳው ሊመካ የሚችለው በአየሩ ሳይሆን በሕዝቡ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሰናል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጋችን፣ መጀመሪያ በወረርሽኙ ምክንያትና ለቴሌቪዥን ስርጭት አመቺ ስለሆነ፣ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች እያሰባሰበ በዙር ሲካሄድ ቆይቷል። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተከናወኑ፤ የዓመቱ ሻምፒዮንም ፋሲል ከነማ ሆነ። ዐፄዎቹ በታሪካቸው የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሡት በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ ባላደረጉበት ዓመት መሆኑን ሳስብ፣ ለእነዚያ ተጫዋቾችና ለአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ያለኝ አክብሮት እጥፍ ይሆናል። የራስን ሜዳ ጥቅም ሳያገኙ አንደኛ መውጣት ከሁሉም የበለጠ ንጹሕ ማስረጃ ነው።

ዋንጫው መጣ ማለት ግን ምንም አልጎደለም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ በደጋ የሚኖር ቡድን ለወራት ሞቃት ከተማ ውስጥ ሲቀመጥ ከከፍታው ያገኘው የደም ብርታት በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በምትኩም ያልለመደውን ሙቀት ይጋፈጣል። ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ በደጋፊው ላይ የደረሰው ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ጨዋታን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ይደሰታል፣ ይቆጫል፤ ሆኖም ጩኸቱ ከዳኛውም ከተጫዋቹም ጆሮ አይደርስም። አባት ልጁን ይዞ ወደ ስታዲየም የሚወጣበት፣ ከጨዋታው በኋላ ሕዝቡ እየዘፈነ ወደ ፒያሳ የሚወርድበት፣ ሕፃኑም የክለቡን ዜማ ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ የሚማርበት ዕድል ለዓመታት ቀርቷል። ዛሬ አሥር ዓመት የሞላው የጎንደር ልጅ ስለ ፋሲል ከነማ ብዙ ሊያውቅ ይችላል፤ በሜዳው ሲያሸንፍ የማየት ዕድል ግን እንደ ታላላቅ ወንድሞቹ አልገጠመውም። የእህትዎ ልጅ በስልክ ያሰማዎት ለቅሶ የድርሻ ለቅሶ ነው፤ ከተማችንም ይህ ድርሻ በሙሉ እንዲመለስላት መጠየቅ መብቷ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ለዚህም ስታዲየሙን በሊጉ መሥፈርት ልክ ማሟላት፣ የመግቢያና የጸጥታ ሥርዓቱን ማደራጀት፣ ከሁሉም በላይ እንግዳ ቡድንና ደጋፊው ያለ ስጋት ገብቶ የሚወጣበትን ሁኔታ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 19 ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቡድናቸው ሲያሸንፍ ተማሪዎች በሺዎች ሆነው ሜዳ ሲገቡ በቪዲዮ አይቻለሁ፤ የሚከለክላቸው ያለ አይመስልም። እኛ አንድ እግራችንን ከአጥሩ ብናሳልፍ ግን እንባረራለን። ደስታን መግለጥ ጥፋቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፤ ደስታን መግለጥ ጥፋት የለበትም። ያየኸው ነገር ግን እዚያም ቢሆን ዋጋ የሚያስከፍል ነው፤ ቪዲዮው ዋጋውን ስለማያሳይ ነው ነጻ የመሰለህ። ጥቅምት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በኖክስቪል ከተማ አላባማን 52 ለ 49 አሸነፈ። የማሸነፊያው ምት የገባው ሰዓቱ ሲያልቅ ነበር፤ ቴነሲ አላባማን ሳያሸንፍ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ 15 ተከታታይ ዓመታት አልፈውት ነበር። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ከዚያ ሁሉ ብዙው ሜዳ ገባ፤ የጎሉን ቋሚዎች ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ ወስዶ ከከተማዋ አጠገብ በሚያልፈው የቴነሲ ወንዝ ውስጥ ጣላቸው። ቡድኑ የሚጫወትበት ሊግ ዩኒቨርሲቲውን 100 ሺህ ዶላር ቀጣ፤ ዩኒቨርሲቲውም አዳዲስ ቋሚዎች ለመትከል ከደጋፊዎቹ መዋጮ ጠየቀ። ይህ በገንዘብ የሚተካ ነው።

በገንዘብ የማይተካውን ደግሞ ላስታውስህ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1993 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በማዲሰን ከተማ በሜዳው ሚሽጋንን 13 ለ 10 ሲያሸንፍ፣ ከላይ ባሉት መቀመጫዎች የነበሩ ተማሪዎች ወደ ሜዳ ለመውረድ ገፉ። ከፊት የነበሩት ከአጥሩና ከብረት መከለያው ጋር ተጣበቁ፤ ከኋላ ያሉት ይህን ማየት ስላልቻሉ መግፋታቸውን ቀጠሉ። መከለያው ተደረመሰ፤ ከ60 በላይ ሰዎች ተጎዱ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ራሳቸውን የሳቱም ነበሩ። ያን ዕለት ሰው ያልሞተው፣ ከአሸናፊው ቡድን ተጫዋቾች መካከል የተወሰኑት ደስታቸውን ትተው ከሥር የተጨፈለቁትን እየጎተቱ ስላወጡ ጭምር ነው። ልብ በል፤ ማንም ማንንም ለመጉዳት አልተነሣም፤ ጠብም አልነበረም። ጉዳቱ የመጣው ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ያለውን ማየት ስለማይችል ብቻ ነው። በጠባብ በር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያልፍ ይህ የትም ሊደርስ ይችላል፤ ጎንደርንም አይምርም።

በእኛ ሀገር ሌላም ምክንያት አለ። በደጋፊዎች ግጭት ጨዋታ የተቋረጠበት፣ ቡድኖች በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ የተደረገበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ሜዳ የገባ ሕዝብ መካከል የተሸነፈው እንግዳ ቡድንና ዳኛው አሉ፤ አንተ ለመጨፈር ብትገባም እነርሱ ይህን ማወቅ አይችሉም። ስለዚህ ምክሬ፣ ደስታህን በቦታህ ሆነህ በሙሉ ጉሮሮህ አሰማ የሚል ነው። ጎንደር ቀረርቶና ፉከራ፣ እልልታና እስክስታ ያላት ከተማ ናት፤ እነዚህ ሁሉ ከመቀመጫ ሳይወርዱ የሚከናወኑ ናቸው፤ ተጫዋቾቹም ወደ ደጋፊው ቀርበው አብረው ቢዘምሩ ከሜዳ ወረራ የበለጠ ትዝታ ይተዋል። የእናንተ የደጋፊዎች ማኅበር ከጨዋታው በኋላ ለዚህ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ እንዲፈቀድ ክለቡን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እኛም ግቢ ውስጥ የእግር ኳስ ቡድን አለን፤ ለጨዋታው የሚመጣው ግን የተጫዋቾቹ ጓደኛ ብቻ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያን ሁሉ ደጋፊ ከየት አመጡት?

መልስ፦ እህታችን፤ በመጀመሪያ ደረጃ ከዕድሜ አመጡት። በአሜሪካ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ጨዋታ ተብሎ የሚታወቀው ሩትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 ያሸነፈበት የእ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1869 ግጥሚያ ነው፤ እርሱም ለሩትገርስ የሜዳ ድል ነበር። የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1920 ስለሆነ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሕዝቡን ፍቅር የሰበሰቡት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። የሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ዛሬ 107,601 ሰው የሚይዘው በአንድ ትውልድ በተፈጠረ ፍቅር አይደለም። በእኛ ሀገር ግን መሠረቱን የጣሉት እንደ 1928 ዓ.ም.ቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያሉ ክለቦች፣ የጦር ሠራዊት፣ የባንክና የከተማ አስተዳደር ቡድኖች ናቸው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ሥራውን ሲጀምር የእግር ኳሱ ፍቅር በሌሎች እጅ ገብቶ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የተማሪው አመጣጥ ነው። እኛ ሀገር ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው በአብዛኛው በመንግሥት ምደባ ስለሆነ፣ ከአርሲ ወይም ከወላይታ ጎንደር የተመደበ ልጅ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመረቅ ወደ ከተማዋ የሚመልሰው ሥርዓት የለም። በአሜሪካ በመጸው ወራት የቀድሞ ተማሪዎች በሜዳ ጨዋታ ዕለት ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው የሚመለሱበት የታወቀ በዓል አለ። እንዲህ ያለውን ቀን መፍጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የማራኪ፣ የቴዎድሮስና የፋሲል ግቢዎች ቡድኖች በምረቃ ሰሞን፣ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በከተማው ባሉበት ሳምንት፣ ቢጋጠሙ ተመልካች ያጣሉ ብዬ አልሠጋም።

አንድ እርማት ግን ልጨምር፤ የመጀመሪያው ጠያቂያችን ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው ላሉትም ይሆናል። ተማሪነታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለረጅም ዘመን ከትምህርት ወጪ ሽፋን በቀር ምንም እንዳያገኙ ተከልክለው ቆይተው፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው እንዲከፍሏቸው መንገድ ተከፍቷል። ሁለታችሁም እነዚህን ቡድኖች ከእኛ የግቢ ቡድን ጋር ስታነጻጽሩ ይህን ከግምት ማስገባት ይኖርባችኋል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የፉትቦል ጨዋታዎች ጎንደር ሆኜ በቀጥታ ለመከታተል ምን ቀንና በስንት ሰዓት ልጠብቅ?

መልስ፦ ውድድሩ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥር ይዘልቃል። የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ በአብዛኛው ቅዳሜ፣ የፕሮፌሽናሎቹ ደግሞ በአብዛኛው እሑድ ነው። ላራሚ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ በመስከረምና በጥቅምት ጎንደር ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካውያን በእኛ ጥቅምት መገባደጃ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ከዚያ በኋላ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይጠብቁ፤ በላራሚ ምሽት የሚጀምረውን ለማየት ግን እሑድን ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት መነሣት ያስፈልጋል።